ባቲ ድል ወንበራ፦ ከጣና ዳርቻ እስከ ሐረር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ዓባይ ማዶን ካለፈ በኋላ ጣና በስተግራው ሆኖ አብሮት ይጓዛል። ሐይቁ አንዳንዴ ይታያል፣ አንዳንዴ ከእርሻውና ከባሕር ዛፉ ጀርባ ይሰወራል። ሐሙሲት፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን እያለ እንፍራዝ ይደርሳል። ይህን መንገድ ብዙዎቻችን ለንግድ፣ ለዘመድ ጥየቃ፣ ለለቅሶና ለሠርግ ተመላልሰንበታል። የዛሬ ጽሑፋችን ባለ ታሪክ ባቲ ድል ወንበራ በዚሁ የሐይቁ ምሥራቃዊ አቅጣጫ ባላቸውን ያጡባትን፣ ልጃቸው የተማረከባትንና የአንድ መንግሥት ዕጣ በእጃቸው የወደቀባትን ቀን ያሳለፉ ሴት ናቸው።

ሚያዝያ 2010 ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆነው ሲመረጡ ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር ነበር። ሒጃብ የለበሰች ሙስሊም ሴት በዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አይተን አናውቅምና። በምክር ቤት ደረጃ ነገሩ በእርግጥም የመጀመሪያ ነው። ሙስሊም ሴት በዚህች አገር በመንግሥት ጉዳይ ላይ ስትመክር፣ ስትደራደርና ስትወስን ግን የመጀመሪያዋ አልነበረም። ከአራት መቶ ሰባ ዓመታት ገደማ በፊት ባቲ ድል ወንበራ ይህን ሠርተውታል። በመጻሕፍት ውስጥ ስማቸው የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ «የኢማም አሕመድ ባለቤት» በሚል ብቻ ነው። ሚስትነታቸው እውነት ቢሆንም ሥራቸውን አያሳይም፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ ወደ ሥራቸው እናተኩራለን።

ከስማቸው እንጀምር። «ባቲ» በአዳልና በሐረር ለባለ ማዕረግ ሴቶች የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። «ድል ወንበራ» ደግሞ ለአማርኛ አንባቢ ትርጉም አያስፈልገውም፤ ድል ወንበሯ የሆነች ማለት ነው። የአዳል መሪ ልጅ እንዲህ ያለ ስም መያዟ ሊያስገርም ይችላል። በዚያ ዘመን ግን በባሕር ጠረፍና በደጋው መካከል ነጋዴው፣ ቋንቋውና ጋብቻው ሳያቋርጡ ይመላለሱ ነበር። ጦርነቱም የተካሄደው በሚተዋወቁ ሕዝቦች መካከል ነው።

አባታቸው ማሕፉዝ የዘይላ ገዥ ነበሩ። ዘይላ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች የአዳል ወደብ ስትሆን የደጋው ወርቅና የዝሆን ጥርስ በእርሷ በኩል ይወጣ ነበር። ማሕፉዝ ለብዙ ዓመታት በደጋው ላይ ዘመቻ ያደርጉ ነበር። በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደጻፈው፣ ዘመቻቸው ክርስቲያኖች በሁዳዴ ጾም በሚደክሙበት ወቅት ላይ የሚያርፍ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ከላይ ከ2010 በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ1517 ከአፄ ልብነ ድንግል ጦር ጋር በተደረገ ውጊያ ማሕፉዝ ተገደሉ። በዚያው ዓመት የፖርቱጋል መርከቦች ዘይላን አቃጠሏት። ድል ወንበራ አባታቸውንና የአባታቸውን ከተማ ያጡት በአንድ ዓመት ውስጥ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ታሪክ ስላለ ጥቂት ዞር እንበል። የማሕፉዝን ዘመቻና የቱርክን በቀይ ባሕር መጠናከር አይተው ለፖርቱጋል ንጉሥ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ መልእክተኛ የላኩት ንግሥት እሌኒ ናቸው። እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅ ነበሩ፤ የተወለዱትም ከሙስሊም ቤተሰብ ነው። ወደ ደጋው ቤተ መንግሥት በጋብቻ ገብተው ክርስትናን ተቀበሉ፣ ልብነ ድንግል ሕፃን ሳሉ በእንደራሴነት አገር መሩ፣ በጎጃም ሰፊ ግዛት ነበራቸው። በምሥራቅ ጎጃም ያለችውን የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዓባይ በዚያኛው ወገን ያለውን ጎጃም የያዙት፣ የአገሪቱንም የውጭ ግንኙነት የቀየሱት በሙስሊም ቤት ያደጉ ሴት ነበሩ ማለት ነው። ፖርቱጋሎች በ1541 የመጡት እሳቸው በከፈቱት መንገድ ነው። የድል ወንበራን ባል የገደለው ጥይትም ከዚሁ ወገን የተተኮሰ ነው። የሁለቱ ሴቶች ሕይወት በአካል ባይገናኝም በዚህ መንገድ ተያይዟል።

ድል ወንበራ ያገቡት ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም አል-ጋዚን ነው። ጋብቻው ለኢማሙ ከቤተሰብነት ያለፈ ፋይዳ ነበረው። አዳልን በስም የሚገዙት የወላስማ ሱልጣኖች ነበሩ፤ ኢማሙ ከዚያ ዘር አልነበሩም። የማሕፉዝ አማች መሆን ግን የተከበረ የጦር ሰው ስምና ወዳጆች ወራሽ ያደርጋል። በ1529 በሽምብራ ኩሬ የልብነ ድንግልን ጦር ካሸነፉ በኋላ የኢማሙ ኃይል ሊገታ አልቻለም።

የዚህን ዘመቻ ታሪክ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ በመባል የሚታወቀው ሺሃቡዲን አሕመድ ነው። መጽሐፉ «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» ይባላል። ድል ወንበራ በዚያ ዘመን ልማድ ከጓዳ አልቀሩም። ሴት ልጅ ከጦር ጋር መጓዟን ወታደሮቹ ተቃውመው ነበር፤ እርሳቸው ግን አብረው ዘመቱ። ገደሉንና ዳገቱን ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመው ያሳለፏቸው ጊዜ ነበር። ሁለት ጊዜም ነፍሰ ጡር ሆነው ተጉዘዋል። ሙሐመድ የተባለውን ልጃቸውን በ1531 ኢፋት ላይ፣ አሕመድ የተባለውን በ1533 ትግራይ ውስጥ ወለዱ። ኢማሙም ከምርኮው ወርቅ ድርሻ ይሰጧቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽግ ብንናገር ይሻላል። ያ ዘመቻ የብዙ ሰው ደም ፈሶበታል፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለውበታል፣ ሕዝብ ከቀዬው ተሰዶበታል። በጣና ዙሪያ ያሉ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ይህን ከአያቶቻቸው ሰምተው አድገዋል። የአዳልን ሕዝብም የደጋው ጦር ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ወግቶታል፣ ማርኮታል፣ ከተማውን አቃጥሏል። ስለ ድል ወንበራ የምንጽፈው የማንንም ቁስል ለመነካካት ወይም የድል ዜማ ለማሰማት አይደለም። ስማቸው ዛሬ በየመንደሩ ክርክር ለመሳደቢያ ወይም ለመፎከሪያ መነሣቱ ለእኛ ምቾት አይሰጠንም፤ እርሳቸው የሠሩት ትልቁ ሥራ እንደምናየው የተሠራው በድርድር ነውና።

በ1541 በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ የሚመሩ አራት መቶ ያህል ፖርቱጋላውያን ጠብመንጃ ይዘው ምጽዋ ወረዱ። ኢማሙም በየመን ዘቢድ ካለው የቱርክ ፓሻ እርዳታ ጠይቀው ጠብመንጃ ያዥ ወታደሮችና መድፎች መጡላቸው። ነሐሴ 1542 አሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ወፍላ ላይ ፖርቱጋሎች ተሸነፉ፣ ዳ ጋማም ተይዞ ተገደለ። ኢማሙ ነገሩ ያለቀ መሰላቸውና ከሁለት መቶ ያህሉ በቀር የውጭውን ጦር አሰናበቱ። ከዚያም ወደ ጣና ወርደው በእንፍራዝ በኩል ሰፈሩ። ዛሬ ዞር ብለን ስናየው ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ከወፍላ ያመለጡት ፖርቱጋሎችና ንግሥት ሰብለ ወንጌል ከወጣቱ ንጉሥ ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ተገናኝተው ጦራቸውን እንደገና አጠናክረው ነበር።

የካቲት 21 ቀን 1543 ከሐይቁ በስተምሥራቅ ወይና ደጋ በተባለው ስፍራ ሁለቱ ጦሮች ገጠሙ። ቦታው በትክክል የት እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከራሉ። በቁጥር የኢማሙ ጦር ይበልጥ ነበር። ኢማሙ በፖርቱጋል ጥይት ሲወድቁ ግን ሠራዊቱ መሪ አልባ ሆኖ ተበተነ። ሁለት መቶ ከነበሩት ቱርኮች የተረፉት አርባ ያህል ብቻ ነበሩ።

ድል ወንበራ እዚያው ሰፈር ውስጥ ነበሩ። የባላቸው ሞት ሲሰማ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሆነው ሙሐመድ ተማርኳል። ከኋላቸው የሚያሳድድ ጦር አለ፣ የተረፉት ቱርኮች የሰው አገር ሰዎች ናቸው፣ ወደ ሐረር ያለው መንገድ የሳምንታት ጉዞ ሲሆን የሚያልፈውም እስከ ትናንት በኢማሙ እጅ በነበረ፣ አሁን ግን ጀርባውን በሚሰጥ አገር ነው። ድል ወንበራ የተረፉትን አርባ ቱርኮች ይዘው ወደ ጣና ሰሜን ምዕራብ አመለጡ። አቅጣጫውን እንመልከት፤ ሐረር ያለችው በተቃራኒው በደቡብ ምሥራቅ ነው። አሳዳጅ የሚጠብቃቸውን ቀጥተኛ መንገድ ትተው መዞራቸው በድንጋጤ የሮጠ ሰው ሥራ አይመስለንም። መጨረሻ ላይም ሐረር ገቡ።

በዚያ ዘመን መሪው ሲሞት ሠራዊቱ ይፈርሳል፣ ቤተሰቡም ይማረካል ወይም ይጠፋል። ከወይና ደጋ በኋላ የኢማሙ ቤት ያልጠፋው ድል ወንበራ ስላመለጡ ነው።

ሐረር እንደደረሱ ወዲያውኑ የያዙት ጉዳይ የልጃቸው ነው። ገላውዴዎስ እጅ ሙሐመድ አለ። በአዳል ወገን ደግሞ የገላውዴዎስ ወንድም ልዑል ሚናስ አሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በኢማሙ ጦር ተማርከው ነበር። ኢማሙ የሚናስን ዋጋ ያውቁ ስለነበር በምርኮ ሳሉ በክብር አቆይተዋቸዋል። የቱርክ እርዳታ ባስፈለጋቸው ጊዜ ግን ከሌላ ገጸ በረከት ጋር ወደ የመን ላኳቸው። ስለዚህ ድል ወንበራ ሊለውጡበት የሚችሉት ምርኮኛ በእጃቸው አልነበረም፤ ባሕር ማዶ በፓሻው እጅ ነበር። ፓሻው ደግሞ የተሸነፈና የሞተ ወዳጁን ሚስት የሚሰማበት ግልጽ ምክንያት የለውም። ድል ወንበራ በአንድ በኩል ከጠላታቸው ከገላውዴዎስ፣ በሌላ በኩል ከፓሻው ጋር የሚጣጣም ስምምነት ማምጣት ነበረባቸው። ባል የላቸውም፣ ጦር የላቸውም፣ የነበራቸው ስማቸውና የሚፈልጉትን ማወቃቸው ነው።

በሌላው ወገን ያሉት እናት ሰብለ ወንጌል ነበሩ። የልብነ ድንግል ሚስት፣ የገላውዴዎስና የሚናስ እናት ናቸው። ባላቸው በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ ከሞቱ በኋላ በዚያው ተራራ ተከበው ቆዩ፤ በገመድ ካልሆነ የማይወጣበት ገደል ነው። ፖርቱጋሎች ሲደርሱ ወርደው ከጦሩ ጋር ዘመቱ። እርሳቸውም እንደ ድል ወንበራ ወንዶች መካከል ሆነው ውጊያ ያዩ ሴት ነበሩ። ሁለቱ ባልቴቶች፣ አንዷ ባሏን በኢማሙ ዘመቻ ያጣች፣ ሌላዋ ባሏን በእርሷ ልጅ ጦር ያጣች፣ እያንዳንዳቸው ልጃቸው በሌላዋ ወገን እጅ ነበር። ልውውጡ ተፈጸመ። ሚናስ ከየመን ተመለሱ፣ ሙሐመድም ወደ እናቱ ተመለሰ።

ይህን ስምምነት ከማንኛውም ውጊያ ይልቅ ትልቅ አድርገን የምናየው ለዚህ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የተደረገው ጦርነት ማንም የማይሰጥበት፣ ማንም የማይቀበልበት ነበር። ምርኮኛ ይገደላል፣ ይሸጣል፣ ይሰለባል። ሁለቱ ልጆች ግን ሳይጎዱ ተሰጡ፣ ሳይጎዱ ተቀበሏቸው። ቃል የተጠበቀው በሁለቱም ወገን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የድል ወንበራ ሕይወት በሐረር ነው። ከተማዋ የተዳከመች ነበረች። ዘመቻው የወጣት ኃይሏን በልቶባታል፣ ከመሪዎቿም ብዙዎቹ በደጋው ቀርተዋል። ገላውዴዎስም የጠፉትን አውራጃዎች አንድ በአንድ እያስመለሱ በ1550 አካባቢ እስከ ሐረር ዘልቀው ከተማዋን አወደሟት። ድል ወንበራ የወደመችውን ከተማ መልሶ ለመገንባት የደከሙት በዚህ ጊዜ ነው። ጦርነቱን እንዲቀጥል ሰው ሲያሰባስቡም ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ ሴትየዋ ሰላም ብቻ ይሰብኩ ነበር ብለን ብንጽፍ ውሸት ይሆናል። የባላቸውን ደም አልረሱም።

ባላቸው ከሞቱ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገቡ። ኑር የኢማሙ እህት ልጅ ናቸው። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ጋብቻ ሲያወሱ ድል ወንበራ የባላቸውን ደም የሚበቀልላቸው ሰው በኑር ዘንድ ስላዩ ነው ይላሉ። ምናልባት። እኛ ግን ከዚህም ያለፈ ነገር እናያለን። ኑር ሐረርን መምራት የጀመሩት በዚሁ ጊዜ ነው። የወላስማ ሱልጣኖች በስም አሁንም አሉ። ኑርም እንደ አጎታቸው ከወላስማ ዘር አይደሉም። የማሕፉዝን ልጅና የኢማሙን ባልቴት ማግባት ለኑር ያንኑ ያስገኛል፣ ቀደም ሲል ለኢማሙ ያስገኘውን። የሁለት ተከታታይ መሪዎች ሥልጣን ሕጋዊ መስሎ እንዲቆም ምሰሶ የሆኑት ድል ወንበራ ናቸው። በልጅነታቸው ወላጆቻቸው ድረዋቸው ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን የመረጡት ራሳቸው ናቸው።

ኑር የሐረርን ግንብ፣ ጁገልን፣ ያሠሩ መሪ ሆነው ይታወሳሉ። አምስት በሮች ያሉት ይህ ግንብ ከተማዋን ለሦስት መቶ ዓመታት ጠብቋታል፤ በ2006 ዩኔስኮ ሐረር ጁገልን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሐረር የሄደ ሰው ግንቡን ይጎበኛል፣ የአሚር ኑርንም መቃብር ይዘይራል። አስጎብኚዎች ኑርን ያነሣሉ። ግንቡ በተሠራበት ዘመን የቤቱ እመቤት ማን እንደነበሩ ግን እምብዛም አይጠየቅም።

መጋቢት 1559 ገላውዴዎስና ኑር ተጋጠሙ። ገላውዴዎስ በጦር ሜዳው ሞቱ። በዚያው ጊዜ ሐመልማል የተባለው የገላውዴዎስ ጦር አለቃ ሐረርን ሲወጋ የመጨረሻው የወላስማ ሱልጣን በረካት ተገድሎ ነበር። ስለዚህ በዚያ አንድ ወቅት ደጋው ንጉሡን፣ ሐረር ሱልጣኗን አጣች። ድል ወንበራ የፈለጉት በቀል ተፈጸመ። ድሉ ግን ለሐረር ብዙም አልበጀም። የኦሮሞ መስፋፋት ከደቡብ እየገሰገሰ ነበር። ኑር ጦራቸውን ወደዚያ አዞሩ፣ ከተማዋንም ረሃብና በሽታ መታት። በ1567 ኑር ራሳቸው በበሽታው ሞቱ።

በ1559 ገላውዴዎስ ልጅ ሳይተዉ ሲሞቱ ዙፋኑን የወረሱት ወንድማቸው ሚናስ ናቸው። ድል ወንበራ በልጃቸው የለወጧቸው፣ ከየመን የመጡት ያው ሚናስ። የድል ወንበራ ሁለተኛ ባል ጦር ንጉሡን ገደለ፤ ድል ወንበራ ራሳቸው ያስመለሷቸው ሰው በምትኩ ነገሡ። ሚናስ የገዙት እስከ 1563 ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ልጃቸው ሠርጸ ድንግል ግን ረጅም ዘመን ነግሠዋል።

ከዓባይ ማዶ ተነሥተን ወደ ጎንደር ስንሄድ እንፍራዝ ልንደርስ ስንል ከመንገዱ በላይ ኮረብታ ላይ ጉዛራ የሚባል የድንጋይ ግንብ አለ። ከጎንደር ግንቦች የሚቀድም ነው። ያሠሩት ሠርጸ ድንግል እንደሆኑ ይነገራል። ከላዩ ላይ ሆኖ ጣና እስከ አድማስ ድረስ ይታያል። ኢማሙ ጦራቸውን ያሰፈሩት፣ ድል ወንበራም ከአርባ ሰው ጋር ያመለጡት በዚሁ አካባቢ ነው።